ቤታችሁ ይተንፍስ!

አዲስ ቤት የገባ ወይም የቆየ ቤቱን «እስቲ ላሳምረው» ብሎ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ምንድን ነው? ሶፋ። ቀጥሎ መጋረጃ። ከዚያ ጂፕሰም፣ ቀለም፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፣ ምንጣፍ። አቅም ያለው በአንድ ወር ያሟላል፤ አቅም ያነሰው ዕቁብ እየጠበቀ ዓመትም ሁለት ዓመትም ቢፈጅበት ያሟላል። ይህ መልካም ነገር ነው። ቤቱን የሚያሳምር ሰው ራሱንም ቤተሰቡንም ያከብራል። እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የምፈልገው ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ቤት መግባት ስላለበት፣ ሱቅ ስለማይሸጠው፣ ዕቁብም ስለማይጠየቅበት ነገር ነው። ስለ አየር።

አንድ ጤነኛ ጎልማሳ በቀን ከ10 ሺህ ሊትር በላይ አየር ይተነፍሳል። የምንጠጣው ውሃ 2 ወይም 3 ሊትር ብትሆን ነው፤ እሷንም እናፈላታለን፣ እናጣራታለን፣ ሲመቸን የታሸገ እንገዛለን። ከሁሉ አብልጠን የምንወስደውን አየር ግን ስለማናየው እንረሳዋለን። ከዕድሜያችን ትልቁን ድርሻ የምናሳልፈው ደግሞ ከጣራ ሥር ነው። ቤት፣ ቢሮ፣ መማሪያ ክፍል፣ ታክሲ። ስለዚህ እንቅልፋችሁ፣ የጠዋት ስሜታችሁ፣ የልጆቻችሁ ደረትና ሳል ከመስኮታችሁ እጀታ ጋር የተያያዘ ነው። ደስ የሚለው ነገር ያ እጀታ እጃችሁ የሚደርስበት መሆኑ ነው። ብዙ ነገር ከአቅማችን በላይ በሆነበት ዘመን ይህን ዛሬውኑ መለወጥ ትችላላችሁ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ትምህርተ ሥነ ፍጥረት የተማረ ሁሉ አራቱን ባሕርያት ያውቃቸዋል፤ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ መሬት። የሰው ሥጋ ከእነዚህ ከአራቱ የተሠራ፣ የማይስማሙት ተስማምተው የሚኖሩበት ነው ይሉናል ሊቃውንቱ። እስቲ ይህን ትምህርት ይዘን ቤታችንን እንየው። መሬቱ አለ፤ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ሴራሚኩ። ውሃው አለ፤ ቧንቧው፣ ሮቶው፣ ማሞቂያው። እሳቱም አለ፤ ምድጃው፣ ምጣዱ፣ አምፖሉ። ለሦስቱ በጀት ይያዛል፣ ባለሙያ ይጠራል፣ ሲበላሹም ሳይመሽ ይጠገናሉ። ለነፋሱ የሚያስብ ግን የለም። ቤታችን ከአራቱ ባሕርያት አንዱ ጎድሎት ይኖራል፤ እኛም «ምን ሆኜ ነው እንዲህ የሚደክመኝ?» እንላለን።

አያቶቻችን ለዚህ ጉድለት የራሳቸው መላ ነበራቸው። በብዙ ቦታ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ይሠራ ነበር፤ ጭሱም፣ እንፋሎቱም፣ የሽንኩርቱ ሽታም እዚያው ይቀራል። የሣር ክዳኑ ጎጆ ራሱ ያስተነፍሳል። ወደ ጋሞ ደጋ፣ ዶርዜ ብትወጡ ደግሞ ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት የተጎነጎነ፣ አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ቤት ታገኛላችሁ። ከፊት ሲያዩት ዝሆን ይመስላል፤ ከመግቢያው በላይ ያሉት ክፍተቶች የዝሆኑ ዓይኖች ናቸው። ውስጥ እሳት ይነዳል፤ ሙቅ አየሩና ጭሱ ወደዚያ ረጅም ጣራ ይወጣል፣ በቀርከሃው መሐልና በክፍተቶቹ ሾልኮ ይሄዳል፤ ከታች በበሩ ቀዝቃዛው ይተካል። ሙቅ አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ የተረዳ ሰው የሠራው ቤት ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ እያጠረ እያጠረ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል፤ ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተጠርቶ ተሸክሞት ይሄዳል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የቤት አሠራር ትምህርት የለም እላለሁ።

የከተማችን ኮንዶሚኒየም ማድ ቤቱን ከጓሮ አንሥቶ ሳሎኑ ጎን አስቀመጠው። ለእናቶቻችን ድካም ቀንሷል፤ ዝናብ ላይ እየተመላለሱ ወጥ መሥራት ቀርቷል። ነገር ግን ምድጃው ወደ ውስጥ ሲገባ የጭሱ መውጫ አብሮት አልገባም። በ40 ካሬ ቤት ውስጥ ሽሮው ይንተከተካል፣ ልብሱ ይሰጣል፣ ቡናው ይቆላል፣ አምስት ሰው ይተኛል፤ መስኮቱ ደግሞ «አቧራ ይገባል» ተብሎ ተዘግቷል። መፍትሔው ቤት መቀየር አይደለም። አየር እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው፤ እሱም ከባድ አይደለም።

አየር መግቢያ ብቻ ሰጥታችሁት በደንብ አይገባም፤ መውጫም ይፈልጋል። አንድ መስኮት ብቻ ከፍታችሁ «ቤቱ አልተናፈሰም» ብትሉ እውነታችሁን ነው። በአንድ በኩል ያለውን መስኮት ከፍታችሁ በተቃራኒው በኩል ያለውን በር ወይም መስኮት ስትከፍቱ ግን ነፋሱ ቤቱን አቋርጦ ያልፋል፤ ለሰዓታት የታመቀው አየር በደቂቃዎች ተጠራርጎ ይወጣል። ሁለት ትይዩ ክፍተት ከሌላችሁ ከፍና ዝቅ ያለ ክፍተት ፈልጉ። ሙቁ በላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። የድሮዎቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ከበሩ በላይ ትንሽ የምትከፈት መስኮት የነበራቸው ለዚህ ነው፤ በዛሬ ግንባታ ደብዛዋ መጥፋቱ ያሳዝነኛል።

የቤታችሁን ነፋስ ማወቅ ከፈለጋችሁ ዛሬ ማታ አንድ ሰንደል ለኩሱ። ከበሩ አጠገብ ያዙትና ጭሱ ወዴት እንደሚያዘነብል ተመልከቱ፤ ከዚያ መስኮቱ ጋ፣ ከዚያ መኝታ ክፍል፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት። ጭሱ የሚሄድበት አቅጣጫ የአየሩ መንገድ ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሞ የቀረበት ጥግ ካለ ያ ጥግ አየር አይደርሰውም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሻጋታው የሚጀምረው፣ ልብሱ የሚሸተው እዚያ ነው። ልጆች ካሏችሁ ጭሱን እነሱ ይከተሉት፤ ከመጽሐፍ የማያገኙትን ትምህርት ያገኛሉ።

«ታዲያ ቤቱ አይበርድም?» ትሉኝ ይሆናል፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ቁር። ነገሩ እንዲህ ነው። ርዝመቱም ስፋቱም 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.7 ሜትር የሆነ ክፍል አዲስ አበባ ላይ የሚይዘው አየር ቢመዘን 40 ኪሎ ገደማ ነው። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ ግን በቶን የሚቆጠር ክብደት አላቸው፤ ሙቀቱን የያዙትም እነሱ ናቸው። መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ብትከፍቱ የሚወጣው ያ 40 ኪሎ አየር ነው፤ ስትዘጉት አዲሱን አየር ግድግዳው ራሱ ፈጥኖ ያሞቀዋል። ቤቱን የሚያበርደው መስኮትን ቀኑን ሙሉ በስንጥቅ ከፍቶ መተው ነው፤ ግድግዳው ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል። ጀርመን የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል፤ እዚያ ብዙ አከራይ ተከራዩ ቤቱን በየቀኑ ማናፈስ እንዳለበት በኪራይ ውሉ ላይ ሳይቀር ያስፍራል። በረዶ በሚጥልበት አገር ሰዎች ጥር ላይ መስኮታቸውን ከከፈቱ እኛ 13 ወር ፀሐይ አለን የምንለው የምንፈራበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ፤ ፍርሃቱ የብርድ ብቻ አይደለምና። «ነፋስ ይመታሃል»፣ «ምች ይመታሻል» እየተባልን ነው ያደግነው። ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት ከኋላ አንድ ድምፅ ይመጣል፦ «ወንድሜ፣ እባክህ ዝጋው፤ ብርድ ነው።» ይህን የሚሉት ሰዎች እኛን የሚወዱን ሰዎች ናቸው። እናቶቻችን ናቸው፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ያለበሱን ናቸው። ስጋታቸውን ማክበር ይገባል። ነገር ግን ፍቅራቸውን ተቀብለን እውቀቱን ልንጨምርበት እንችላለን።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር የታክሲ መስኮት መከፈት ጀመረ። ለዓመታት «ዝጋው» ያለው ሰው «ክፈተው» አለ። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ የሚወደው የታመቀ አየር መሆኑን ሁላችንም በአንድ ሰሞን ተማርን። ያንን ትምህርት ከወረርሽኙ ጋር አብረን ባንጥለው ምን ነበረበት! የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ቲቢም የሚሄደው በዚያው በአየር ነው። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች ተጠንቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሥራ አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ያስደንቀኛል። ተመራማሪዎቹ በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ለኩ፤ መካከለኛው ውጤት 28 ጊዜ ሆነ። በማሽን አየር የሚገባባቸው ዘመናዊ ክፍሎች የሚያገኙት 12 ነበር። ከሁሉ የበለጡት ደግሞ ከ1950 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት፣ ጣራቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ትልልቅ የሆነ ያረጁ ክፍሎች ናቸው፤ 40 ጊዜ። ያ ሁሉ አየር ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ወጪ።

ከዚያም ከመቶ ዓመት በላይ ቀድማ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 እ.ኤ.አ. ስለ ሕሙማን እንክብካቤ በጻፈችው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ስፍራ የሰጠችው ለአየር ነበር። ታማሚው ሳይበርደው ከውጭው እኩል ንጹሕ አየር እንዲተነፍስ ማድረግ ከሁሉ የሚቀድም የአስታማሚ ሥራ ነው ብላ አስተማረች። «ሳይበርደው» የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ እናቶቻችን ከሚሉት ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። ሰውየው ይልበስ፣ ክፍሉ ይናፈስ። ሁለቱ አይጣሉም።

አራስ ቤትን አስቡ። ክፍሉ ጨለም ብሎ፣ መስኮቱ ተደፍኖ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ገንፎው እየተገነፋ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል የመጣው ዘመድና ጎረቤት አልጋውን ከብቦ ይቀመጣል። መልካም ነገር የሞላበት ቤት ነው። ያቺ ገና ሳምንት ያልሞላት ሳንባ ግን የምትተነፍሰው የሁሉንም ትንፋሽና የዕጣኑን ጭስ ነው። አራሷን የምትጠብቀው እናት «ልጄ፣ መስኮቱን አትክፈቺ፣ ብርድ ይገባታል» ብትል አትከራከሩ። «እሺ እማዬ፤ አንቺም እሷም ልበሱልኝ፤ ሕፃኗን ይዛችሁ ሳሎን ስትሆኑ እኔ ክፍሉን አናፍሼ እዘጋዋለሁ» በሉ። እናት ትከበራለች፣ ክፍሉ ይናፈሳል። የሕመምተኛ ጥየቃም እንዲሁ ነው፤ አሥር ሰው የገባበት ክፍል እያንዳንዱ እንግዳ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ ሲወጣ መስኮቱ ይከፈት።

አሁን ወደ መኝታ ክፍላችሁ እንግባ፤ ከቤቱ ሁሉ አየር አብልጦ የሚጎድለው እሱ ነውና። ሁለት ሰው በር ዘግቶ፣ መስኮት ደፍኖ ለስምንት ሰዓት ሲተኛ የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያው ይከማቻል። ዛሬ በውጭው አየር ውስጥ ያለው መጠን ከአንድ ሚሊዮን 420 ክፍል ገደማ ነው። ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የተባለው የሙኒኩ ሊቅ በ1858 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ አየር ከ1,000 እንዳያልፍ ብሎ የወሰነው ልክ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። በደንብ በታፈነ ጠባብ ክፍል ግን ሲነጋ ከ2,000 በላይ መድረሱ የተለመደ ነው። ይህ መጠን መርዝ አይደለም፤ አየሩ አለመለወጡን ይነግራችኋል እንጂ። በ2016 እ.ኤ.አ. የዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በየመኝታ ክፍላቸው አጥንተው ነበር። ክፍሉ በደንብ በተናፈሰባቸው ሌሊቶች ተማሪዎቹ የተሻለ ተኙ፤ በማግሥቱም እንቅልፍ እንቅልፍ አላላቸውም፣ ሐሳባቸውን ሰብስበው መሥራት ቻሉ፣ በአመክንዮ ፈተናም የተሻለ ሠሩ። ለማትሪክ የሚያጠና ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ስሙ። አስጠኚ ለመቅጠር ገንዘብ ካላችሁ ቅጠሩ፤ ከዚያ በፊት ግን ልጁ የሚተኛበትንና የሚያጠናበትን ክፍል አናፍሱለት።

ስለ ከሰል የምለው አጭርና ጥብቅ ነው። የተቀጣጠለ ከሰል ይዛችሁ በተዘጋ ክፍል አትተኙ። አንድም ቀን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስነጥስም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሰውየው ሳይነቃ ያልፋል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በተደጋጋሚ የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነው። «አመድ ለብሷል» ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። ከሰሉ ውጭ ይደር።

ቡናችን ግን ይቀጥል! ቡና የሌለበትን ቤት እኔም አልመክርም። ብቻ ከሰሉን በረንዳ ወይም ደጅ ላይ አቀጣጥሉት፤ ጥቁር ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን አስገቡት። ረከቦቱን ክፍሉ መሐል ሳይሆን መስኮት ወይም በር አጠገብ ዘርጉት። ዕጣኑን አታብዙት፤ ሁለት ፍሬ የሚሰጠው መዓዛ እፍኝ ሙሉ ከሚሰጠው ጭስ ይበልጣል። የዕጣን ጭስም ጭስ ነው፤ ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ቡናው ሲቆላ መስኮቱ ይከፈት። መዓዛው ለጎረቤትም ይደርሳል፤ «ኑ ቡና ጠጡ» ከማለታችሁ በፊት መጥሪያው ደርሷቸዋል ማለት ነው።

ጭስን እንደ መድኃኒት የማየት ልማዳችን ሥሩ ጥልቅ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያልነው ወረርሽኝ አዲስ አበባን ባጠቃ ጊዜ ሰው አየሩ ተመርዟል ብሎ ሰፈሩን ጠርጎ ቆሻሻውን አቃጠለ። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ ከተማው በጭስ ይሸፈናል። የዚያን ዘመን ሰዎች ግማሹን አግኝተውት ነበር፤ ጉዳዩ ከአየር ጋር የተያያዘ መሆኑን አውቀዋል። ጠረጋው ቅዱስ ሥራ ነው፤ አጥብቀን እንያዘው። ማቃጠሉን ትተን በዚያ ቀን የቤታችንን መስኮቶች ሁሉ ከፍተን፣ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን አናፍሰን፣ ፍራሹን ፀሐይ ብናሰጣው የአባቶቻችንን ሐሳብ በሙሉ ፈጸምነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ገምቷል። በአገራችን አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በማገዶ፣ በኩበትና በከሰል ነው። ገጠር ያለች እናታችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱ ከዘይትና ከስኳሩ ጋር የተሻሻለ ምድጃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማድ ቤቷ ጣራ ሥር መተንፈሻ ክፈቱላት። ከሳሎን ቀለም በፊት ይህ ይቀድማል።

አሁን ደግሞ ውበቱ። ነፋስ ያለበት ቤት ጤና ብቻ አይደለም፤ ያምራልም። ሶፋችሁ መስኮቱን ደግፎ እጀታውን ሸፍኖት ከሆነ ዛሬ አንሡት። ቡፌው ከበሩ ጀርባ ቆሞ በሩን በግማሽ ብቻ የሚያስከፍት ከሆነ ሌላ ግድግዳ ፈልጉለት። ቁም ሳጥኑን ከውጭው ግድግዳ አንድ ጋት ያህል አርቁት፤ በክረምት ከጀርባው የሚወጣው ሻጋታ ይቀንሳል። እርጥብ ልብስ መኝታ ክፍል አታስጡ። ቤቱ ውስጥ ባዶ ቦታ መኖሩ ድህነት አይደለም። የማትቀመጡበት ወንበር፣ የማትከፍቱት ሻንጣ፣ ከአልጋ ሥር የታጨቀው ካርቶን፣ ሁሉም የአየሩን ቦታ ይዘዋል፣ አቧራም ያረግዛሉ። የሚፈልግ ዘመድ ወይም ጎረቤት አይጠፋም፤ ስጡ።

መጋረጃ ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ በጣም የምወደው ነው። ከባዱን፣ ድርብርቡን፣ ወለል የሚጠርገውን መጋረጃ አውርዳችሁ ሽሮ ሜዳ ሂዱ። በእጅ የተሸመነ ስስ የጥጥ ሸማ ግዙና ሰፊ ጋ ውሰዱት። ብርሃኑን ለስልሶ ያስገባዋል፤ ነፋስ ሲነካው ይንቀሳቀሳል፤ ያኔ የማይታየውን አየር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ሥራቸውን ከዶርዜና ከጋሞ ደጋ ይዘው የመጡ ናቸው። ቀርከሃውን አስተንፍሶ የሚሠራ እጅ ጥጡንም አስተንፍሶ ይሸምናል። ሲቆሽሽ ታጥቦ በአንድ ጠዋት ይደርቃል።

አበባና ቅጠላ ቅጠልስ? ደስ ካላችሁ አስገቡ። ጤና አዳሙን በረንዳ ላይ፣ ጠጅ ሣሩን በጣሳ ትከሉ፤ ለበዓል ቄጠማ ጎዝጉዙ። ለዓይን ዕረፍት ነው፣ ለልብም። ብቻ «አየር ያጣራል» ተብሎ መስኮት እንዳትዘጉበት። በ1989 እ.ኤ.አ. ናሳ በታሸጉ ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ያደረገው ሙከራ ይህን ተስፋ በዓለም ሁሉ አስፋፋው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የድሬክስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚያን ውጤቶች ሰብስበው ቢያሰሉ ቤት ውስጥ ያለው የተለመደ የአየር ልውውጥ የሚሠራውን ሥራ ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል። የተከፈተ መስኮት ያሸንፋል። የሽቶ መርጫም አየር አያነጻም፤ መጥፎ ጠረን ላይ ሌላ ጠረን ይደርባል። ናፍታሊንና ፍሊት ከተጠቀማችሁ ደግሞ ክፍሉን አናፍሱ፣ ሕፃናትን አርቁ።

ቤታችሁ ዋና መንገድ ዳር ከሆነ የመኪናው ጭስ ያሳስባችኋል፤ ልክ ናችሁ። አዲስ አበባ ላይ በበጋው ቀዝቃዛ ጠዋት ጭሱ መሬት ላይ ተኝቶ ይቆያል። ፀሐይ ሞቅ ብሎ ነፋስ ሲነሣ፣ ትራፊኩም ሲቀል፣ ረፋድና ከሰዓት በኋላ ክፈቱ፤ ከመንገዱ በተቃራኒ ያለውን መስኮት አስቀድሙ። ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋ ያላችሁ መስኮቱ ላይ የትንኝ ወንፊት አስመቱ፤ ቀን ፀሐዩን ዝጉበት፣ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ክፈቱ። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሕፃን ካላችሁ መስኮት ሥር የሚያወጣ ወንበር አታስቀምጡ፤ ፍርግርግ ይኑረው። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ በአብዛኛው ያንኑ የክፍሉን አየር እያዞረ ነው የሚያቀዘቅዘው፤ ከውጭ አዲስ አያስገባም። ማለዳ ሙቀቱ ሳይበረታ ጥቂት ደቂቃ ክፈቱ፤ ማጣሪያውንም እጠቡት።

ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ኢንጂነሩን «መስኮቱ ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ነፋሱ በየት ገብቶ በየት ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁት። ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት የቱንም ያህል ብትገፉት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሹ በላይ አይከፈትም፤ በማጠፊያ የሚከፈተው፣ የቆየው የብረት ኤልቲዜድም ቢሆን፣ ሙሉውን ይሰጣችኋል። ማድ ቤትና መታጠቢያ ቤት የራሳቸው መስኮት ይኑራቸው። አንድ ክፍል የተከራያችሁም ተስፋ አትቁረጡ። አከራያችሁን «እማማ፣ ከበሩ በላይ ትንሽ መተንፈሻ ላስከፍት፣ ወጪውን እኔ እችለዋለሁ» ብላችሁ ጠይቁ። ነገ ሌላ ተከራይ ይጠቀምበታል፤ ቤቱም ከሻጋታ ይድናል፤ ብዙዎች እሺ ይላሉ።

ልማድ የሚጸናው ካለ ልማድ ጋር ሲታሰር ነው። ጠዋት ተነሥታችሁ አልጋ ከማንጠፋችሁ በፊት ሁለት መስኮት ክፈቱ፤ ከፊቱ ቆማችሁ ጥቂት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ፤ ጸሎታችሁንም እዚያው አድርሱ። ማታ ከእራት በኋላ ዕቃው እየታጠበ አንድ ጊዜ ድገሙት። ልጆቹን ኃላፊ አድርጓቸው፤ አንዱ የጠዋቱ፣ ሌላው የማታው «የነፋስ ሹም» ይሁን። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሞክሩትና እንቅልፋችሁን፣ የጠዋት ራስ ምታታችሁን፣ የቤቱን ጠረን ራሳችሁ መዝኑ። ለውጡን ካያችሁት ለጎረቤታችሁ ንገሩ፤ በሕንፃችሁ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ የደረጃው መስኮት እንዲከፈት ጠይቁ፤ ልጃችሁ የሚማርበት ክፍል መስኮቶች ይከፈቱ እንደሆነ መምህሩን አነጋግሩ።